«ጥናት አለ» ሲባል ምን ያህል ይመዝናል? ነርሶች የምርምር ማስረጃን የሚፈትሹበት መንገድ

በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝን ሕፃን ገብታለች እንበል። አንዷ ነርስ «አሁኑኑ እናቷ ደረት ላይ ትሁን፤ ሞትን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጥናት አለ» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «መጀመሪያ ማሞቂያው ውስጥ ትረጋጋ፤ መቸኮሉ ምንም ለውጥ እንደማያመጣ የሚያሳይ ጥናት አለ» ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም። ጥናቶቹ በዓለም በታወቁ የሕክምና መጽሔቶች የታተሙ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ ከሁለት ሺህ በላይ ሕፃናት ተሳትፈዋል።

ታዲያ የትኛዋን እንመን? በነርሲንግ ሙያ «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ እንክብካቤ» የሚባለው አሠራር ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ጥናት ማግኘት በአሁኑ ጊዜ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የተገኘውን መመዘን ነው። አመዛዘኑን ለማሳየት ያለጊዜያቸው ወይም በአነስተኛ ክብደት ለተወለዱ ሕፃናት የሚሰጠውን የካንጋሩ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ አድርጎ የማሞቅ ዘዴ፣ እንከተላለን። ከአርባ ዓመት በላይ ታሪኩ ውስጥ ደካማውም ጠንካራውም ማስረጃ ስለሚገኝ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ማስረጃ «ጠንካራ» ነው ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የማስረጃን ጥንካሬ ከውጤቱ ትልቅነት ጋር ያምታታዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። «ሞትን በግማሽ ቀነሰ» የሚል ጥናት እጅግ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ «ሞትን በጥቂቱ ቀነሰ» የሚለው ደግሞ ማንም የማያነቃንቀው ሊሆን ይችላል። ጥንካሬ የሚለካው የተገኘው ውጤት ወደ እውነቱ ምን ያህል እንደሚቀርብ ባለን እርግጠኝነት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ነገ የሚወጣ ሌላ ጥናት ድምዳሜውን የመገልበጥ ዕድሉ ምን ያህል ነው? የመጽሔቱ ዝናም ሆነ የተመራማሪው ማዕረግ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

በነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ይህ ብዙውን ጊዜ በፒራሚድ ሥዕል ይቀርባል። ከታች የባለሙያ አስተያየት፣ ከዚያ በላይ የነጠላ ታካሚዎች ዘገባ፣ ቀጥሎ የምልከታ ጥናት (ተመራማሪው ማን ምን እንደሚያገኝ ሳይወስን የሚሆነውን የሚመዘግብበት)፣ ከዚያ ሰዎችን በዕጣ መድቦ የሚያነጻጽር ሙከራ፣ ከጫፉ ላይ ደግሞ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ በግልጽ ደንብ ፈልጎ የሚያጠቃልል ስልታዊ ዳሰሳ ይቀመጣል። ሥዕሉ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ብዙዎች ሸምድደውት እዚያው መቅረታቸው ነው። በግዴለሽነት የተሠራ የዕጣ ሙከራ በጥንቃቄ ከተሠራ የምልከታ ጥናት ሊያንስ ይችላል። ደካማ ጥናቶችን የሰበሰበ ዳሰሳም የድክመት ክምር ከመሆን አያልፍም።

በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች «ግሬድ» የተባለውን የምዘና ዘዴ አበጁ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎቹን የሚያወጣው በዚሁ ዘዴ ነው። ማስረጃው ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ወይም እጅግ ዝቅተኛ የእርግጠኝነት ደረጃ ይሰጠዋል። የዕጣ ሙከራ ከከፍተኛ ይነሣል፤ የምልከታ ጥናት ከዝቅተኛ። ከዚያ በኋላ ጉድለት በተገኘ ቁጥር ደረጃው ይወርዳል። የሚፈተሹት ጉድለቶች አምስት ናቸው፦ የአሠራር መዛባት፣ የጥናቶቹ እርስ በርስ አለመስማማት፣ የተጠናው ነገር ከእኛ ጥያቄ መራቁ፣ የቁጥሩ ማነስና የተገኘው ግምት ሰፊ መሆን፣ በመጨረሻም ያልተመቹ ውጤቶች ሳይታተሙ መቅረታቸው።

ልምድና ጤናማ አመክንዮ አይበቁም?

አንዳንድ ጊዜ ይበቃሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን ይገድላሉ። ይህን ለማለት የሚያስደፍር አንድ ሙከራ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ተደርጓል። በከባድ ኢንፌክሽን ምክንያት የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ሕፃን በፍጥነት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ለዓመታት የተለመደ አሠራር ነበር። አመክንዮው ግልጽ ነው፤ ዝውውሩ ሲደክም ፈሳሽ ይሞላዋል። ልምድም ይደግፈው ነበር፤ ፈሳሹ እንደገባ ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ያዩ ብዙ ነርሶችና ሐኪሞች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ይህ ሙከራ 3,141 ሕፃናትን በዕጣ መደበ። በሁለት ቀን ውስጥ የሞቱት ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት 10.5 በመቶ ያህሉ፣ ካልተሰጣቸው ግን 7.3 በመቶዎቹ ነበሩ። ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። አልጋው አጠገብ የቆመ ባለሙያ ልጁ ሲሻሻል አይቷል፤ ሳይሰጠው ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር ግን ሊያይ አይችልም። ማነጻጸሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ውጤት በተቅማጥ ፈሳሽ ላለቀበት ልጅ አይሠራም፤ እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከሙከራው ውጭ ነበሩ። ዜናውን በግማሽ የሰማ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የካንጋሩ እንክብካቤ ለምን ወዲያው አልታመነም?

ዘዴው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ነው። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ፣ በኋላም ዶክተር ሄክቶር ማርቲኔዝ፣ ማሞቂያ ሣጥን አጥሯቸው ነበር፤ በአንድ ሣጥን ከአንድ በላይ ሕፃናት ይተኙ ነበር፤ ኢንፌክሽኑም በርትቷል። ሕፃኑን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ አቁመው አሰሩት፤ ሙቀቱን ከእርሷ ይወስዳል፣ ጡቷንም ይጠባል። የሕፃናቱ ሞት በእጅጉ መቀነሱ ሲነገር ዜናው ዓለምን አዳረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ግን ላንሴት በተባለው መጽሔት አንድ ቀዝቃዛ ትችት ወጣ። ወደ ካንጋሩ እንክብካቤ የሚገቡት የመጀመሪያዎቹን አደገኛ ቀናት አልፈው የተረጋጉት ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ቀድመው የሞቱት በቁጥሩ ውስጥ የሉም። ውጤቱ የሚነጻጸረው ደግሞ ሁሉንም ካካተተው የቀድሞ ዘመን አኃዝ ጋር ነበር። ፈተናውን ያለፉ ተማሪዎችን ብቻ ቆጥሮ «ትምህርት ቤታችን የወደቀ የለበትም» እንደማለት ነው።

ትችቱ ዘዴው አይሠራም አላለም። እንደሚሠራ ገና አልታወቀም ነው ያለው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መለየት የማይችል አንባቢ የትኛውንም ጥናት መመዘን አይችልም።

ዕጣው ምን ይጠቅማል?

ነርሷ ራሷ ብትመርጥ ጠንከር ያለውን ሕፃን ለእናቱ፣ ደከም ያለውን ለማሞቂያው ትሰጣለች፤ ይህ ደግነት ነው እንጂ ተንኮል አይደለም። በመጨረሻ ግን በእናቱ ደረት ላይ የነበሩት በብዛት ሲተርፉ፣ ያተረፋቸው ዘዴው ይሁን መጀመሪያውኑ ጠንካራ መሆናቸው አይታወቅም። ዕጣ የሚታወቀውንም የማይታወቀውንም ልዩነት በሁለቱ ወገን ያከፋፍላል። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ «በዕጣ ተመድበዋል» የሚል ቃል ማየት ብቻ አይበቃም፤ ቀጣዩ ዕጣ ምን እንደሆነ መዳቢው አስቀድሞ ማወቅ ይችል ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚያውቅ ከሆነ ዕጣው ለስሙ ነው።

ሌላው ጥያቄ፣ ውጤቱን የሚመዘግበው ሰው ማን በየትኛው ቡድን እንዳለ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። በካንጋሩ እንክብካቤ ይህን መደበቅ አይቻልም፤ እናቲቱን የት እንሰውራታለን? ጉዳቱ ግን በሚለካው ነገር ይወሰናል። ሞት በአስተያየት አይለወጥም። «ሕፃኑ የተረጋጋ ይመስላል» የሚል መዝገብ ግን በመዝጋቢው እምነት በቀላሉ ይታጠፋል። በመጨረሻም፣ ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ እስከ መጨረሻ ተከታትለዋል? ከሆስፒታል ወጥተው የጠፉት ብዙ ከሆኑ የሞቱት የትኞቹ እንደሆኑ ማን ያውቃል?

በአዲስ አበባ የተደረገው ሙከራስ?

ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ በዚህ ታሪክ ውስጥ አገራችን የራሷ ገጽ አላት። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የአዲስ አበባ ሙከራ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው 120 ያህል ትንንሽ ሕፃናትን በዕጣ መድበው፣ ሳይረጋጉ ገና ከመጀመሪያው በእናታቸው ደረት ላይ የዋሉትን በተለመደው መንገድ ከተያዙት ጋር አነጻጸሩ። የሞት መጠኑ በካንጋሩው ወገን 23 በመቶ፣ በሌላው 38 በመቶ ገደማ ነበር። ጥያቄው ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ ሌላው ዓለም ገና «ከተረጋጉ በኋላ» በሚለው ላይ ነበር።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ትንሽ ነበር። በእንዲህ ያለ ጥናት በእያንዳንዱ ቡድን ጥቂት ሕፃናት በአጋጣሚ ቢተርፉ ወይም ቢሞቱ ድምዳሜው ይናወጣል። ይህን ልቅነት የሚያሳየው «የመተማመኛ ክልል» የሚባለው ነው። ጥናት የሚሰጠው አንድ ነጥብ ሳይሆን «እውነቱ ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ክልል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በቦጎታ 746 ሕፃናት የተሳተፉበት የዕጣ ሙከራ የካንጋሩው ወገን የሞት ዕድል የሌላው 0.59 ያህል መሆኑን አገኘ። ይህ 41 በመቶ ቅናሽ ነው፤ ደስ ይላል። ክልሉ ግን ከ0.22 እስከ 1.6 ተዘርግቶ ነበር። 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው፤ ከ1 በላይ ከሆነ ዘዴው ይጎዳል። ስለዚህ ያ ጥናት ከብዙ ጥቅም እስከ ብዙ ጉዳት ድረስ ሁሉንም ክፍት ትቶታል። ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ሰው ይደሰታል፤ ክልሉን የሚያነብ ይታገሣል።

መልሱ እንዴት ተለወጠ?

ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የዳሰሳ አጥኚዎች መረብ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሉትን ሙከራዎች ሰብስቦ ሲያይ ያገኘው ሦስት ብቻ ነበር። «ዘዴው ለሁሉም ይሰጥ ለማለት ማስረጃው አይበቃም» ሲል ደመደመ። በ2016 ሲታደስ ሙከራዎቹ 21 ደርሰው፣ በካንጋሩ እንክብካቤ የሞት ዕድል ወደ 0.60 እንደሚወርድ ታየ፤ ክልሉም ከ1 በታች ሆነ። በ2003 የተናገሩትም በ2016 የተናገሩትም ልክ ነበሩ። ለዚህም ነው የዳሰሳን ዓመተ ምሕረት ሳያዩ መጥቀስ አደገኛ የሚሆነው።

የቀረው ጥያቄ አዲስ አበባ ቀድማ ያነሣችው ነበር፤ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ይጠበቅ ወይስ ወዲያው ይጀመር? የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ 3,211 ሕፃናትን በዕጣ አስመደበ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ወዲያው ከጀመሩት 12 በመቶ፣ ከተረጋጉ በኋላ ከጀመሩት 15.7 በመቶ ነበሩ።

ይህን ውጤት ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ ሊናገሩት ይችላሉ። «ሞትን በ25 በመቶ ቀነሰ» ቢባል እውነት ነው፤ 12 ለ15.7 ሲካፈል ሦስት አራተኛ ያህል ይሆናል። «ከመቶ ሕፃናት አራት የማይሞሉትን አተረፈ» ቢባልም እውነት ነው። እንደ እኔ ሁለተኛው አነጋገር ለነርስ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ወደ 27 ሕፃናት ወዲያው ቢጀምሩ አንድ ተጨማሪ ሕፃን ይተርፋል ማለት ነውና። ብዙ ጨቅላ ለሚያስተናግድ ክፍል ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ማስታወቂያና ዜና የመጀመሪያውን አነጋገር የሚወዱት ስለሚያስደንቅ ነው። አነስተኛ አደጋ ባለበት ጉዳይ ላይ «በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ከሺህ ሁለት የነበረው ከሺህ አንድ ሆነ ማለት ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ እንክብካቤው እንደተወለዱ ወዲያው እንዲጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓትም እንዲቆይ በጠንካራ ምክር መከረ።

ታዲያ የኡጋንዳው ጥናት ለምን ልዩነት አላገኘም?

እ.ኤ.አ. በ2024 ከኡጋንዳ አምስት ሆስፒታሎች ከ2,200 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት፣ ሳይረጋጉ መጀመርን ከተለመደው አያያዝ ጋር ያነጻጸረ ሌላ የዕጣ ሙከራ ታተመ። በሰባት ቀን ውስጥ የሞቱት በሁለቱም ወገን 7.5 በመቶ ነበሩ። ክልሉ ከ0.74 እስከ 1.28 ነበር፤ ጥቂት ጥቅምንም ጥቂት ጉዳትንም አይከለክልም።

እዚህ ላይ ሰነፉ አንባቢ «ሳይንቲስቶቹም አልተስማሙ» ብሎ መጽሔቱን ይዘጋል። የሚመዝነው አንባቢ ግን ልዩነቱ ከየት መጣ ይላል። በአምስቱ አገሮች ሙከራ ሕፃናቱ በቀን በአማካይ 17 ሰዓት ገደማ በእናታቸው ደረት ላይ ነበሩ፤ በኡጋንዳ ያሳለፉት ሰዓት ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ እናቲቱ ሌሊትና ቀን በጨቅላ ክፍሉ ውስጥ አልጋ ተሰጥቷት ከሕፃኗ ጋር ትኖር ነበር፤ የመተንፈሻ እገዛም በደረቷ ላይ እንዳለ ይሰጠው ነበር። የመለኪያው ጊዜም ይለያያል፤ አንዱ 28 ቀን፣ ሌላው ሰባት ቀን። ስለዚህ ሁለቱ ጥናቶች አንድ ዓይነት ነገር አልፈተኑም። በእኔ ግምት የኡጋንዳው ውጤት ዘዴውን አልጣለውም፤ በጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሰጥ ካንጋሩ እንክብካቤ ያንኑ ፍሬ እንደሚሰጥ ተስፋ ማድረግን ግን ከባድ አድርጎታል።

ጠንካራ ማስረጃ በእኛ ክፍል ይሠራል?

ማስረጃው ለማን፣ የት፣ ምን ሲደረግ እንደተገኘ ካልታየ ጥንካሬው ብቻውን አይጠቅምም። በኢትዮጵያ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 30 ያህሉ የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ እንደሚሞቱ የሕዝብና ጤና ጥናቶች ያሳያሉ፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም። በብዙ ሆስፒታሎች ግን እናት ከጨቅላ ክፍሉ ውጭ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ለማጥባት ብቻ ትጠራለች። በቀዶ ሕክምና የወለደች እንደሆነ ሌላ ፎቅ ላይ ትተኛለች። እንዲህ ባለ ቦታ «መመሪያው ወዲያው ይጀመር ይላል» ብሎ ሕፃኑን ለአንድ ሰዓት ደረት ላይ አስተኝቶ መመለስ፣ ማስረጃውን መተግበር ሳይሆን ስሙን መዋስ ነው። አልጋና ወንበር፣ የጎብኚ ሰዓት ደንብ፣ አያት ወይም አባት እናቲቱን ተክተው እንዲያቅፉ መፍቀድ፣ እነዚህ ሁሉ የሕክምናው አካል ናቸው።

«እናቶች ለምን ያቋርጣሉ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ዕጣ አይመልሰውም። ድካም ነው፣ የወገብ ሕመም ነው፣ ወይስ ቤት የቀሩ ልጆች? ይህን የሚያውቀው እናቶችን ቁጭ ብሎ ያነጋገረ ጥናት ነው። በፒራሚዱ ታች ስለሚቀመጥ ደካማ ነው የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ጥያቄው ሌላ ሲሆን ትክክለኛው ዘዴም ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኢትዮጵያና በሕንድ ያስተባበረው የማስፋፊያ ጥናትም ዘዴው ይሠራ እንደሆነ አልጠየቀም፤ እንዴት ብዙ ሕፃናት ጋ ይድረስ የሚለውን ነው የጠየቀው።

ፋታ የሌላት ነርስ ከየት ትጀምር?

ነጠላ ጥናቶችን ከመፈለግ በፊት ሌሎች የመዘኑትን ማየት ጊዜ ይቆጥባል። መጀመሪያ የጤና ሚኒስቴርና የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች፣ ቀጥሎ የኮክሬን ዳሰሳዎች ይታያሉ፤ ሁሌም ከነዓመተ ምሕረታቸው። በመመሪያ ውስጥ ሁለት ነገሮች ለየብቻ ተጽፈው ይገኛሉ፦ የምክሩ ጥንካሬና የማስረጃው እርግጠኝነት። ጠንካራ ምክር በደካማ ማስረጃ ላይ የቆመበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ አማራጩ ሞት ሲሆን። ስለዚህ ሁለቱንም ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች «ሂናሪ» በተባለው ፕሮግራም በኩል ክፍያ የሚጠየቅባቸውን መጽሔቶች በነፃ ማንበብ ይችላሉ፤ የይለፍ ቃሉ በአብዛኛው በቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እጅ ነው። የዳሰሳ ሥራን ራሱን መማር ለሚፈልግ ደግሞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ በማስረጃ ላይ ለተመሠረተ ጤና አገልግሎት የተቋቋመ ማዕከል አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በራሷ መዝገብ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሕፃን በቀን ስንት ሰዓት በደረት ላይ እንደዋለ የሚጻፍበት ዓምድ በክትትል ቅጹ ላይ ካልተጨመረ፣ ውጤቱ እንደ አምስቱ አገሮች ይሁን እንደ ኡጋንዳ ለማወቅ መነሻ አይኖራትም።